ዋልያን ማን ያድነዋል?

የዛሬው ንባባችን ስለ አንድ እንስሳና ስለ አንድ አገር ነው። እንስሳው ዋልያ ነው። አገሩ የስሜን ተራሮች ናቸው። ፊደል የለያችሁት በቅርቡ ቢሆንም ነገሩ ለእናንተ እንግዳ አይሆንም። የእርሻ፣ የግጦሽና የማገዶ ጉዳይ ነውና። ቀስ እያላችሁ አንብቡ።

ዋልያ የፍየል ዘመድ ነው። ወንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ ረጅም ቀንድ አለው። የሚኖረው ሰው ለማየት እንኳ በሚፈራው ገደል ላይ ነው። በዱር የሚገኘው በስሜን ተራሮች ብቻ ነው። በዓለም ሁሉ ቢፈለግ ሌላ ቦታ የለም። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት የምትወልደው አንድ ግልገል ነው። ስለዚህ አንድ ዋልያ ሲሞት ቶሎ አይተካም።

በስሜን ከዋልያ ጋር ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖራሉ። ከኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው ራስ ዳሸንም እዚያው ነው። ይህን ለማየት ሰው ከሩቅ አገር ይመጣል።

ታዲያ ዋልያ ለምን አነሰ? የስሜን ገበሬ ከጥንት ጀምሮ በደጋው ላይ ገብስ ያርሳል፤ በግና ፍየል ያረባል። ቤተሰብ ሲበዛ ማሳ ይጠባል። ማሳ ሲጠብ ሰው ወደ ዳገቱ ይወጣል። ቁልቁለቱ ሲታረስ ዝናብ አፈሩን ይጠርገዋል። አፈር ሲሄድ ምርት ይቀንሳል። ገበሬው ደግሞ ከዚያ በላይ ይወጣል። ዋልያው ወደ ገደሉ ተገፋ። በዚህ ላይ ጠመንጃ በዛ። ዋልያ ለሥጋው ተገደለ፤ ቀንዱም ለመጠጫ ዋንጫ ተፈለገ።

በ1962 ዓ.ም. መንግሥት ቦታውን ብሔራዊ ፓርክ አደረገው። ብሔራዊ ፓርክ ማለት የዱር አራዊትና ዕፀዋት እንዳይጠፉ በሕግ የተከለለ የአገር ሀብት ነው። በዚያ ጊዜ አጥኚዎች የገመቱት የዋልያ ቁጥር 150 ያህል ብቻ ነበር። እስቲ አስቡት! ከአንድ መንደር የፍየል መንጋ ያንሳል።

ነገር ግን አንድ ችግር ነበር። የተከለለው መሬት ባዶ አልነበረም። ሰው ያርስበት፣ ከብት ይግጥበት፣ ልጅ ይወለድበት ነበር። ወሰኑ ሲሠመር ነዋሪው ሳይነሣ በአባቱ መሬት ላይ ሕገ ወጥ ሆነ።

በ1970 ዓ.ም. ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር በአንድ ጊዜ ነው የተመዘገበው። ትልቅ ክብር ነበር። በ1971 ዓ.ም. ገደማ ግን በሰሜኑ ገደል ሥር የነበሩ መንደሮች ነዋሪዎች በግድ ከቦታቸው ተነሡ። ሰው በቤቱ ፈንታ ዋልያ ተመረጠ ሲባል፣ ዋልያውን እንዴት ይወዳል? በኋላ ጦርነት መጣ። እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ በነበረው ውጊያ የፓርኩ ሥራ ተቋረጠ፤ ቤቶቹም ፈረሱ። ወረቀቱ ላይ ፓርክ አለ፤ መሬቱ ላይ ግን ጠባቂ የለም።

በ1989 ዓ.ም. ዩኔስኮ ስሜንን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ጻፈው። ምክንያቱ ብዙ ነበር። የዋልያ ቁጥር ቀንሷል። እርሻና ግጦሽ ሰፍቷል። በፓርኩ መካከል የመኪና መንገድ አልፏል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሥራ ተሠራ። ፓርኩ ሰፋ፤ በፊት 136 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው 412 ደረሰ። ተለዋጭ መንገድ ተሠራ። የደባርቅና የአካባቢው ወጣቶች አስጎብኚ ሆኑ። ሌላው በቅሎ አከራየ፤ ሌላው ምግብ አበሰለ፤ ሌላው ጠብመንጃ ይዞ እንግዳ አጀበ። የዋልያም ቁጥር ወደ 900 ተጠጋ። በ2009 ዓ.ም. ስሜን ከአደጋው ዝርዝር ወጣ።

ይህ ደስታ ዋጋ ነበረው። በ2008 ዓ.ም. በፓርኩ መካከል የነበረችው የግጭ መንደር ተነሣች። ከ400 በላይ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። ካሳ ተከፈለ። ነገር ግን ገብስና በግ ብቻ የሚያውቅ እጅ በከተማ ምን ይሥራ? ገንዘብ ያልቃል፤ መሬት ግን በየዓመቱ ያበላል። ዋልያ ሲተርፍ የከፈለው ማን እንደሆነ ልንረሳ አይገባም።

በ2011 ዓ.ም. በፓርኩ እሳት ተነሣ። የአካባቢው ሕዝብ ተረባረበ፤ ከውጭም ሄሊኮፕተርና ባለሙያ መጣ። ልብ በሉ! መጀመሪያ የደረሰው ጎረቤቱ ነው። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት መጣ። ጎብኚ ቀረ። አስጎብኚውም ባለ በቅሎውም እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። በ2016 ዓ.ም. ገደማ በተደረገ ቆጠራ ዋልያ ወደ 300 ወርዶ ተገኘ። ብዙ ዓመት የፈጀ ልፋት በጥቂት ዓመት ተናደ ማለት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? አዋጅ ያስፈልጋል፤ ጠባቂም ያስፈልጋል። ነገር ግን አዋጅ ብቻውን ዋልያ አያድንም። ዋልያ የበዛው ጎረቤቱ ከእርሱ እንጀራ ባገኘ ጊዜ ነው። የተመናመነው ደግሞ ጠመንጃ ሲበዛና ሰላም ሲጠፋ ነው። ገበሬውን ትቶ ዋልያውን፣ ዋልያውን ትቶ ገበሬውን ማዳን አይቻልም። ሁለቱም የአንድ ተራራ ልጆች ናቸው።

እናንተስ? በፓርክ አጠገብ የምትኖሩ ብትሆኑ ውሻችሁን አስከትቡ፤ የውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮን ይፈጃልና። በበጋ እሳት ለኩሳችሁ አትሂዱ። የፓርኩ ገቢ ለቀበሌያችሁ ምን እንዳደረገ ጠይቁ። ወሰን ሲሠመር ወይም ካሳ ሲነገር ወረቀቱን ራሳችሁ አንብቡ። ጣት አሻራ ከማተም በፊት ማንበብ፣ ፊደል የቆጠራችሁት ለዚህ እኮ ነው!

አሁን በቡድን ሆናችሁ በእነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ።

1. ዋልያ በዱር የሚገኘው የት ብቻ ነው?
2. ዳገት ሲታረስ አፈሩ ምን ይሆናል? በአካባቢያችሁ አይታችኋል?
3. የግጭ ሰዎች ጎረቤቶቻችሁ ቢሆኑ ምን ትመክሯቸው ነበር?

ደኅና ሁኑ።