የስኳር በሽታና የሳንባ ወረርሽኝ በጣና ዳር

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በአዲስ አበባና በአንዳንድ ሌሎች ከተሞች ሕዝቡ የግቢውን ጥራጊ ሰብስቦ ሲያቃጥል ጢሱ ሰፈሩን ሁሉ ይሸፍነዋል። ልጆች እሳቱን ከበው ይጫወታሉ፤ ሽማግሌዎች ግን «ኅዳር ሲታጠን» የሚለው ስም ከምን እንደ መጣ ያውቃሉ። ይህ ልማድ በ1911 ዓ. ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ በአገራችን ላይ ያደረሰው ኀዘን መታሰቢያ ነው።

እንደሚታወቀው ይህ በሽታ ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበረ። በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚሆን ሰው እንደ ሞተ ይነገራል። አልጋ ወራሹ ልዑል ራስ ተፈሪ መኰንንም በጽኑ ታመው ድነዋል። ባሕር ዳር በዚያ ዘመን በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰበሰበች ትንሽ መንደር ነበረች፤ ሐኪም ቤትም አልነበራትም። በጣና ዳር የሚኖር ሰው ሳል ሲጸናበት መጠጊያው ጸሎትና ጠበል፣ ጤና አዳምና ዳማከሴ ነበረ።

እንዲህ ያለ ወረርሽኝ በገባበት አገር ሁሉ ሰውን የሚያስጨንቅ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ከአንድ ቤት ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ቀን ይታመማሉ፤ አንዱ በሳምንቱ ተነሥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል፣ ሌላው ይቀበራል። ይህ ለምን ሆነ? በ1911 ዓ. ም. ከሞቱት ብዙዎቹ በዓለም ሁሉ ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉ ጐልማሶች ስለ ነበሩ፣ የዚያን ዘመን ሞት በአንድ ምክንያት ብቻ መግለጽ አይቻልም። ከዚያ ወዲህ በተነሡት ወረርሽኞች ግን ሊቃውንት መዝግበው ካገኟቸው መልሶች አንዱ በሰው ደም ውስጥ ያለው የስኳር መጠን ነው። የዚህን ነገር ታሪክ ማወቅ ለእኛም ይጠቅማልና በአጭሩ እንመልከተው። በውጭ አገር የሆነው ነገር ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

የስኳር በሽታ አዲስ ደዌ አይደለም። ከ3,500 ዓመት በፊት በግብፅ በተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሽንት መብዛት ተነግሯል። የጥንት የህንድ ሐኪሞችም የአንዳንድ በሽተኞች ሽንት ጉንዳን እንደሚስብ አይተው በሽታውን «የማር ሽንት» ብለውታል። በ1674 እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ ይህ ሽንት እንደ ማር የሚጣፍጥ መሆኑን ጻፈ። በ1776 ማቲው ዶብሰን ጣፋጩ ነገር ስኳር መሆኑን፣ በደምም ውስጥ እንደሚገኝ አስረዳ። በ1889 ሚንኮውስኪና ፎን ሜሪንግ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በስትራስቡርግ ከተማ የአንድ ውሻ ቆሽት ቢያወጡ ውሻው የስኳር በሽተኛ ሆነ። የበሽታው ምንጭ ቆሽት መሆኑ የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው።

የኅዳር በሽታ ካለፈ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1921፣ በካናዳ ቶሮንቶ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን መድኃኒት አወጡ። በጥር 1922 ይህን መድኃኒት በመርፌ የተወጋው የመጀመሪያው በሽተኛ ሌናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ነበረ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ በረኀብ አመጋገብ ጥቂት ጊዜ ቢቆይ እንጂ መዳኛ አልነበረውም። ሌናርድ በኢንሱሊን ኃይል 13 ዓመት ኖረ። በ1935 የገደለው ግን የሳንባ ምች ነው። ከስኳር በሽታ መዳፍ በኢንሱሊን የወጣው የመጀመሪያው ሰው በሳንባ በሽታ መሞቱ፣ ሁለቱ ደዌዎች ምን ያህል እንደሚተጋገዙ የሚያሳስብ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ወረርሽኞች ይህንኑ አጸኑት። በ1957 የእስያ ኢንፍሉዌንዛ የተባለው በሽታ ዓለምን ከዞረ በኋላ፣ በ1960 የአሜሪካ መንግሥት የጤና ባለሥልጣን በየዓመቱ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት እንዲወስዱ ከመከራቸው ሰዎች መካከል የስኳር በሽተኞች ይገኙ ነበር። በ2009 አዲስ ኢንፍሉዌንዛ በተነሣ ጊዜ በካናዳ ኬቤክ የተደረገ ጥናት፣ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በዚያ ጉንፋን ምክንያት ሆስፒታል የመተኛቱ ዕድል ሦስት እጥፍ መሆኑን አሳየ። በ2020 የኮሮና በሽታ በተስፋፋ ጊዜ ደግሞ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት በእንግሊዝ አገር በኮሮና ታመው በሆስፒታል ከሞቱት ከሦስቱ አንዱ የስኳር በሽታ የነበረበት ሰው ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በደማችን ውስጥ ያሉት ነጭ ሕዋሳት የሰውነት ዘቦች ናቸው። ደሙ ከልክ ያለፈ ስኳር ሲይዝ እነዚህ ዘቦች ይፈዝዛሉ፤ ወደ ጠላት ለመሄድም ሆነ ጠላትን ለመዋጥ ይዘገያሉ። በሌላ በኩል ሰውነት ከቫይረስ ጋር ሲታገል ኮርቲሶልና አድሬናሊን የተባሉትን ቅመሞች ያበዛል። እነዚህ ደግሞ ጉበት ስኳር እንዲለቅ፣ ኢንሱሊንም ኃይሉ እንዲደክም ያደርጋሉ። እንግዲህ ስኳሩ ሳንባውን ለበሽታ ያመቻቻል፤ የሳንባው በሽታ በተራው ስኳሩን ከፍ ያደርጋል። በብርቱ ለታመሙ የኮሮና በሽተኞች የተሰጠውና የብዙዎችን ሕይወት ያተረፈው ዴክሳሜታዞን የተባለው መድኃኒት እንኳ የደም ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ፣ ሐኪሙ ሁለቱን በሽታ ባንድ ጊዜ ማየት ይገባዋል።

የኮሮና በሽታ በኢትዮጵያ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ. ም. ነው። ወሩ ሳያልቅ በአማራ ክልል በሽተኞች ስለ ተገኙ ባሕር ዳር ከሌሎች ጥቂት ከተሞች ጋር ለ14 ቀን እንቅስቃሴ እንዲገታባት ተደረገ። ከሕዝብ የማይለየው የጣና ዳር መንገድ ጭር አለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ዓመታት በአገራችን በዚህ በሽታ መሞታቸው የተመዘገበው ሰዎች ከ7,500 በላይ ናቸው።

በዚያ ጊዜ በየቤቱ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ዝንጅብል በሎሚ ይዘጋጅ እንደ ነበረ ሁላችንም እናስታውሳለን። ለጤነኛ ሰው ይህ ጉዳት የለውም። ነገር ግን ስኳር እንዳለበት ሳያውቅ ማሩን በጧትና በማታ የሚልስ ሰው፣ በሽታን እከላከላለሁ ሲል ለበሽታ ስንቅ ማቀበሉ ነው። እዚህ ላይ ዋናው ቃል «ሳያውቅ» የሚለው ነው። የስኳር በሽታ ካለባቸው የዓለም ጐልማሶች ከ10 ሰዎች ከ4 በላይ የሚሆኑት በሽታው እንዳለባቸው አያውቁም። እንዲህ ያለ ሰው ወረርሽኝ ሲመጣ ተጠንቀቅ ቢባል፣ ነገሩ ለሌላ የተነገረ ይመስለዋል።

በጣና ዳር ይህን አለማወቅ የሚያከብደው አንድ የቆየ አሳብ አለ፤ ይኸውም ስኳር የሀብታምና የወፍራም ሰው በሽታ ነው የሚለው ነው። እውነቱ ግን ከዚህ የራቀ ነው። ከሐይቁ በስተሰሜን ባለችው በጐንደር ከተማ በ1947 ዓ. ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሟል። በዚያው የሠሩት ዶክተር ሽታዬ ዓለሙ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2009 በአውሮፓ አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት፣ በጐንደርና በጅማ ዙሪያ ገጠር ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ብዙ በሽተኞች ድሆች መሆናቸውን፣ ከሴቶች ይልቅም ወንዶች እንደሚበዙ አሳይተዋል። በልጅነቱ የተራበ ሰው ቆሽቱ ደክሞ ሊያድግ ይችላል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት በ1985 ለብቻው ሰይሞት ነበር፤ በ1999 ግን ከዝርዝሩ አወጣው። በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን «ዓይነት አምስት» ብሎ እንደገና ተቀበለው።

ስለዚህ ቀጭኑ ገበሬ፣ ታንኳ ቀዛፊው፣ የዘጌው ቡና ለቃሚም ውኃ ጥሙና ሽንቱ ሲበዛ፣ ሰውነቱ ያለ ምክንያት ሲከሳ፣ «እኔ ስኳር ከየት አገኛለሁ?» ብሎ መተው አይገባውም። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ። በሽታውን ለመለየትም ከጣት ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ትበቃለች። በሽታው ያለበት ሰውም ጉንፋን ሲይዘው፣ የምግብ ፍላጐቱ ቢጠፋም እንኳ፣ ኢንሱሊኑን በገዛ ፈቃዱ ማቋረጥ የለበትም፤ ክኒን የሚውጠውም ሐኪሙን ይጠይቅ። መብራት በሌለበት ደሴት ኢንሱሊንን ከሙቀት ለመጠበቅ በውኃ የረጠበ የሸክላ ዕቃ ይረዳል። ነገር ግን መድኃኒቱ ራሱ ካልደረሰ የሸክላው ብልሃት ከንቱ ነው። መንገድ በሚዘጋበት፣ ጀልባ በሚቆምበት ጊዜ ጉንፋን ሳይዘው የሚሞት የስኳር በሽተኛ እንዳይኖር፣ ወረርሽኝን ለመከላከል ዕቅድ የሚያወጡ ባለሥልጣኖች ኢንሱሊንን ከጭንብልና ከኦክሲጅን እኩል ሊያስቡበት ይገባል።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። በእኛ ዘመን ግን ከደበቀው ይልቅ ያላወቀው ይበዛል። የሚመጣው ወረርሽኝ ስሙ ምን እንደሚሆን፣ በየትኛው ወር እንደሚገባ ማንም አያውቅም። ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ የማንን በር እንደሚያንኳኳ ከታሪክ ተምረናል። ኅዳር 12 ቀን የግቢያችንን ጥራጊ ስናቃጥል፣ በዚያው ቀን ደማችንንም ብናስመረምር፣ ለሞቱት የምናደርገው መታሰቢያ በሕይወት ላሉትም መጠበቂያ ይሆናል።