ከፎቶግራፍ ፊልም እስከ ቀዶ ሕክምና ክፍል

ፒያሳ ከወርቅ ቤቶቿና ከሲኒማ ቤቶቿ ጋር በፎቶ ቤቶቿም ስትታወቅ ኖራለች። ብዙው አሮጌ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. በልማት ምክንያት ከመፍረሱ በፊት፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወዲህ የሚመላለስ ሰው በመስተዋት ውስጥ የተሰቀሉትን የሙሽሮችና የተመራቂዎች ፎቶግራፎች ሳያይ አያልፍም ነበር። ሙያውን በአዲስ አበባ ካስፋፉት መካከል አርመኖች ግንባር ቀደሞች ሲሆኑ፣ ቤድሮስ ቦያጂያን የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ ልጆቹም ሥራውን ወርሰው እስከ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘልቀዋል።

ይህ ከካንሰር ቀዶ ሕክምና ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል አንባቢ ቢኖር፣ መልሱ በፊልሙ ላይ ከተቀባው ቀለም ዘንድ ይገኛል።

የጥንቱ የፎቶግራፍ መስተዋት በብር ጨው የተቀባ ሲሆን ሰማያዊውን ብርሃን እንጂ ቢጫውንና ቀዩን አያይም ነበር። በዚያ መስተዋት ሰንደቅ ዓላማችን ቢነሣ፣ ቢጫውም ቀዩም ጠቁረው በወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1873 ሄርማን ፎግል የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ፣ መስተዋቱ በተወሰኑ ቀለማት ሲነከር ቀድሞ ያላየውን ብርሃን ማየት እንደሚጀምር አስተዋለ። ከዚያ በኋላ ለዚሁ ተግባር ከዋሉት ቀለማት ዋነኞቹ ሲያኒን የሚባሉት ናቸው። የፊልም ፋብሪካዎችም፣ በተለይ ኮዳክ፣ ከሲያኒን ወገን እጅግ ብዙ ቀለማት ሠሩ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ የሰው ዓይን ፈጽሞ እስከማያየው፣ ከቀይ በታች እስካለው ብርሃን ድረስ የሚደርሱ ነበሩ።

በ1950ዎቹ በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች ልብ የሚረጨውን ደም ለመለካት ቀለም ይፈልጉ ነበር። ችግራቸው፣ ደም ኦክስጅን ሲይዝና ሲያጣ የራሱ ቀለም ስለሚለዋወጥ ልኬታቸውን ማሳሳቱ ነው። ሆኖም በ800 ናኖ ሜትር ገደማ ሁለቱም ዓይነት ደም ብርሃንን በእኩል መጠን ይውጣል። ስለዚህ ልክ በዚያ ቦታ ብርሃን የሚውጥ ቀለም ቢገኝ ችግሩ ይቃለላል ማለት ነው። የተፈለገውም ከኮዳክ ላቦራቶሪ ተገኘ፤ ስሙም ኢንዶሲያኒን ግሪን ይባላል። ኧርዊን ፎክስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1957 ስለዚሁ ቀለም ጽፈው፣ በ1959 በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ። ቀለሙ ከደም ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይዘዋወራል፤ ጉበትም በደቂቃዎች ውስጥ እየለቀመ ከሐሞት ጋር ያስወግደዋል።

ዕጢን በብርሃን የመለየቱ አሳብ ግን ከዚህም ይቀድማል። አዶልፍ ፎን ባየር እ.ኤ.አ. በ1871 የሠራውን ፍሎረሰይን ጆርጅ ሙር በሚኔሶታ ለሕሙማን ሰጥቶ፣ የአንጎል ዕጢ በአልትራ ቫዮሌት ብርሃን ሥር ሲያበራ ማየቱን በ1947 ጽፏል። ከአምሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ በጀርመን ቫልተር ሽቱመር በሌላ ንጥረ ነገር ተመሳሳይ መንገድ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ጥናቱ፣ በቀድሞው ብርሃን ከተሠራላቸው ሕሙማን ዕጢው ተሟልቶ የወጣላቸው 36 በመቶ ሲሆኑ፣ ዕጢው እንዲያበራ ከተደረገላቸው ደግሞ 65 በመቶ ነበሩ።

የኢንዶሲያኒን ግሪን ወደ ካንሰር መግባት ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርም ነው። በጃፓን የጉበት ሕሙማን ከቀዶ ሕክምና ቀናት አስቀድሞ የጉበታቸው ብቃት በዚህ ቀለም ይመረመር ነበር። በኋላ ሆዳቸው ተከፍቶ በልዩ ካሜራ ሲታይ፣ ደኅናው ጉበት ቀለሙን አስወግዶ ዕጢው ግን ይዞት ሲያበራ ተገኘ። የኢሺዛዋ ቡድን ይህንን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተመ። ለሌላ ጉዳይ የተሰጠ መርፌ የዕጢውን ወሰን አመለከተ ማለት ነው።

ነገር ግን ቀለሙ ራሱ ካንሰርን ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ተመራማሪዎች መሪ ያበጁለት ጀመር። ፓፎላሲያኒን የተባለው፣ ከፎሌት ጋር የተጣመረ የሲያኒን ቀለም፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ለማህፀን እንቁላል እጢ ካንሰር፣ በ2022 ደግሞ ለሳንባ በአሜሪካ ተፈቅዷል። ሌሎች ቀለሙን በናኖ ቅንጣት ውስጥ አኖሩት። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ኡልሪክ ቪዝነር የሠራው ቅንጣት ከሲሊካ የተበጀ ሆኖ ስፋቱ ከ10 ናኖ ሜትር ያነሰ ነው፤ በሆዱም የሲያኒን ቀለም ይዟል። ማነሱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኩላሊት አጣርቶ በሽንት እንዲያስወጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሰው ላይ እንዲሞከር ተፈቀደለት። ኳንተም ዶት የሚባሉት ቅንጣቶች ከእርሱ ይልቅ ደምቀው ያበራሉ፤ ሠሪዎቻቸውም በ2023 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል፤ ዳሩ ግን ብዙዎቹ መርዛማው ካድሚየም ስላለባቸው ወደ ሕሙማን ደም ለማስገባት አላስደፈሩም።

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወርዱ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታትም በአገሪቱ ብቸኛው ማዕከል ነበር። ከ2011 ጀምሮ የተደራጀው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ እንደሚያሳየው በሴቶች ላይ የሚበዛው የጡት ካንሰር ነው። ብዙዎቹም ወደ ሐኪም የሚቀርቡት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ወሰኑን ለይቶ ማውጣት ይከብዳል። የሐኪሙ መሣሪያ ዓይኑና ጣቱ ናቸው፤ ጠንካራውን ከለስላሳው በመዳሰስ ይለያል። ከቀለሙ ይልቅ የሚወደደውም የማይታየውን ብርሃን የሚያሳየው ካሜራ ነው። ካሜራው በሌለበት ተቆርጦ የወጣው አካል ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ ወደ ፓቶሎጂ ይላካል፤ ከጠርዙ የቀረ ካንሰር መኖር አለመኖሩ ተለይቶ ሲመለስም ቁስሉ ከተሰፋ ቀናት አልፈዋል።