የድኻ ቤት ሒሳብ



ዛሬ የምናገረው ስለ ድኽነት ነው። ነገር ግን የረኀብ ዘመንን፣ የጦርነትን ወይም የቸነፈርን ታሪክ ለመተረክ አይደለም። እንዲህ ያለውን መከራ የታሪክ ጸሐፊዎች ሳይጽፉት አይቀሩም፤ ድምፁ ትልቅ ነውና። እኔ የማነሣው ድምፅ የሌለውን ድኽነት ነው፤ ይኸውም ሰው በየቀኑ ሥራውን እየሠራ፣ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ደመወዙን እየተቀበለ፣ ዕድሜውን ሁሉ አብሮት የሚኖረው ነው። ወሩ ሃያ ሲሞላ ኪሱን እየዳበሰ ወደ ባልንጀራው ጠረጴዛ ብቅ የሚል የመሥሪያ ቤት ሰው ስለ ምን እንደምናገር ወዲያው ይገባዋል።

ይህ ዓይነት ድኽነት እንዴት እንደ ተመረመረ ለማወቅ ወደ እንግሊዝ አገር መሄድ ይገባናል። ዓመታቱንም ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። እንግሊዝ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በፋብሪካም፣ በመርከብም፣ በባንክም የሚስተካከላት አልነበረም። በዚያው ዘመን በ1834 የወጣው የድኾች ሕግ ግን፣ ጤነኛ ሆኖ ርዳታ የሚለምን ሰው የድኾች የሥራ ቤት ወደሚባለው ግቢ እንዲገባ ያዝ ነበር። በዚያ ግቢ ባል ከሚስቱ፣ ልጅ ከእናቱ ተለይቶ ይኖራል። በግቢው ውስጥ ያለውም ኑሮ በውጭ ከሚኖረው ከዝቅተኛው ሠራተኛ ኑሮ የከፋ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነበር። ሕጉን ያወጡት ሰዎች አሳብ እንዲህ ነበር፤ ድኻ የሚደኸየው ስለሚሰንፍ፣ ስለሚጠጣና ስለማይቈጥብ ነው፤ ስለዚህ ርዳታውን መራራ ብናደርግበት ሠርቶ መብላትን ይመርጣል።

ይህን አሳብ የተቃወሙት ሰዎች ባይጠፉም፣ ቤት ለቤት ዞረው በቍጥር የመረመሩት ግን ዘግይተው መጡ። ከእነርሱ አንዱ ቻርልስ ቡዝ የሚባል የመርከብ ኩባንያ ባለቤት ነው። እርሱ ከ1886 ጀምሮ ለንደንን መርምሮ፣ ከሕዝቧ 30.7 ከመቶው በድኽነት እንደሚኖር ጻፈ። ሁለተኛው ሲቦም ራውንትሪ ነው። ራውንትሪ በ1871 በዮርክ ከተማ ተወለደ፤ ቤተ ሰቡም የካካዎና የቸኮላታ ፋብሪካ ባለቤት ነበረ። የለንደንን ቍጥር ባነበበ ጊዜ፣ ይህ የአንዲት ታላቅ ከተማ ልዩ ጉዳት ነው ወይስ በእኛም ትንሽ ከተማ አለ? ብሎ ጠየቀና፣ በ1899 መርማሪዎች አሰማርቶ 11,560 ቤተ ሰቦችን፣ ማለት 46,754 ነፍስ፣ አስቈጠረ። መጽሐፉም በ1901 ታተመ።

ራውንትሪ አስቀድሞ ያደረገው ነገር አንድ ቤተ ሰብ ጤናውን ጠብቆ ለመኖር የሚበቃውን ዝቅተኛ ገንዘብ መተመን ነበር። ባል፣ ሚስትና ሦስት ልጆች ላሉበት ቤት በሳምንት 21 ሺሊንግ ከ8 ፔኒ ያስፈልጋል አለ። (አንድ ፓውንድ በዚያን ጊዜ 20 ሺሊንግ፣ አንዱ ሺሊንግም 12 ፔኒ ነበር።) ከዚህም 12 ሺሊንግ ከ9 ፔኒ ለምግብ፣ 4 ሺሊንግ ለቤት ኪራይ፣ የቀረው 4 ሺሊንግ ከ11 ፔኒ ለልብስ፣ ለማገዶ፣ ለመብራትና ለልዩ ልዩ ነገር ነው። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ያልተጻፈው ግን ከተጻፈው ይልቅ ያስገርማል። ትኩስ ሥጋ የለበትም። ጋዜጣ የለበትም፤ ሩቅ አገር ላለ ልጅ ደብዳቤ የሚላክበት ቴምብር የለበትም፤ ለአባት ትንባሆ፣ ለሕፃን መጫወቻ የለበትም። ምግቡም በድኾች የሥራ ቤት ከሚሰጠው እንኳ ያነሰ ነበር። ራውንትሪ ሒሳቡን እንዲህ ያጠበበው ሆነ ብሎ ነው፤ አጋነነ የሚለው ሰው እንዳይኖር።

እንግዲህ በዮርክ የአንድ ተራ የጉልበት ሠራተኛ ደመወዝ በሳምንት ከ18 እስከ 21 ሺሊንግ ነበር። ሰውየው ሳይታመም፣ አንድ ቀን ሳይቀር፣ አንድ ብርጭቆ ሳይጠጣ ቢሠራ እንኳ ከዚያች ከተጨመቀች ሒሳብ አይደርስም። ቈጠራው ሲያልቅ ከከተማው ሕዝብ 27.84 ከመቶው፣ ማለት 20,302 ሰው፣ በድኽነት ተገኘ። ከእነዚህም 7,230ዎቹ ገቢያቸው በማናቸውም ብልሃት ቢያብቃቁት የማይበቃ ነበር። የእነዚህም የችግር ምክንያት ተለይቶ ተጻፈ፤ ሥራ በማጣት የተቸገሩት 2.31 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ 51.96 ከመቶዎቹ ግን የቤቱ አባወራ በየቀኑ እየሠራ ደመወዙ ስላነሰ የተቸገሩ ነበሩ። የቀሩት ገቢያቸው ሊበቃ ሲችል ከፊሉ በሌላ ወጪ የሚያልቅባቸው ናቸው። ለዚህ መጠጥ ዋነኛ ምክንያት መሆኑን ራውንትሪ አልሸሸገም፤ ነገር ግን መጠጡም ራሱ ብዙ ጊዜ ከክፉ ቤትና ከአድካሚ ኑሮ የሚወለድ መሆኑን አብሮ ጽፏል።

ከቍጥሮቹ ሁሉ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ራውንትሪ የሠራተኛ ዕድሜ እንደ በጋና ክረምት አምስት ጊዜ እንደሚለዋወጥ አስተዋለ። ሰው ሲወለድ የሚሠራው አባቱ ብቻ ስለ ሆነ ሕፃንነቱ በችግር ያልፋል። እርሱ ወይም ታላቁ ደመወዝ ማምጣት ሲጀምር ቤቱ ቀና ይላል፤ ይህም ደግ ወራት እስኪያገባና ሁለት ሦስት ልጅ እስኪወልድ ድረስ ይቈያል። ከዚያ በኋላ የበኵር ልጁ 14 ዓመት ሞልቶት ሥራ እስኪገባ ድረስ፣ ምናልባት አሥር ዓመት ያህል፣ ችግር ይመለሳል። ልጆቹ ሲሠሩ ደግሞ ጥቂት ዕረፍት ያገኛል። ልጆቹ አግብተው ሲወጡ፣ ጉልበቱም ሲደክም፣ አምስተኛው ወራት ይመጣል፤ በደጉም ጊዜ ያጠራቀመው ገንዘብ ከጥቂት ጊዜ የሚያልፍ አይደለም።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። በአንድ ቀን ቈጠራ የተገኘው ድኻ፣ በዕድሜው በአንዱ ወራት ድኻ ከሚሆነው ሰው ቍጥር እጅግ ያነሰ ነው ማለት ነው። ደግሞም ችግሩ የሚበረታው ሰው ሕፃን ሳለና ሴት በምትወልድበት ዘመን፣ ማለት ምግብ ከሁሉ ይልቅ በሚያስፈልግበት ጊዜ ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ እናቴን አሰብሁ። እርሷ እኛ አምስታችን ትንንሾች በነበርንበት ዘመን፣ አስቀድሜ በላሁ እያለች ስንበላ ትመለከተን ነበር፤ እኛም እናምናት ነበር።

ስለ እናቶች ካነሣን፣ ከዮርክ ወደ ለንደን እንመለስ። በቴምዝ ወንዝ ማዶ፣ ከፓርላማው ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ላምቤዝ የሚባል ሠፈር አለ። በ1909 የፋቢያን ማኅበር ሴቶች በዚያ ሠፈር ለሚወልዱ እናቶች በሳምንት 5 ሺሊንግ እየሰጡ፣ እናቶቹ ወጪያቸውን እንዲጽፉ ለመኗቸው። ውጤቱን ሞድ ፔምበር ሪቭስ የምትባል ሴት በ1913 በመጽሐፍ አወጣችው። ባሎቻቸው ሥራ ፈቶች አልነበሩም፤ ጋሪ ነጂ፣ የቧንቧ ሠራተኛ ረዳትና ይህን የመሰሉ፣ በሳምንት ከ18 እስከ 30 ሺሊንግ የሚያገኙ ጨዋ ሠራተኞች ነበሩ። ጽሕፈት የማያውቁት ሴቶች ለባላቸው ወይም ለልጃቸው እየነገሩ ያስጽፉ ነበር። ስለ ድኻ ቤት ከተጻፉት የታሪክ ሰነዶች መካከል እንደነዚህ ደብተሮች የታመነ ምስክር ጥቂት ነው።

በደብተሮቹ ላይ የወጪው ተራ ሁልጊዜ አንድ ነው። አስቀድሞ የቤት ኪራይ ይከፈላል፤ ቀጥሎ የቀብር ኢንሹራንስ፤ ቀጥሎ ከሰል፣ መብራት፣ ሳሙና፤ ለልጆች ጫማ በየሳምንቱ የሚዋጣ ጥቂት ፔኒ። ምግብ የመጨረሻው ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ነገሩ የተገለበጠ ይመስላል፤ ሆድ እየራበ ኪራይና መድን እንዴት ይቀድማል? ነገር ግን የቤት ጌታ አይጠብቅም፤ ከኪራዩ አንድ ፔኒ ብትጐድል ያባርራል። ዳቦ ግን ይጠብቃል፤ በቀን ጥቂት ቍራሽ ቢጐድል አቤት የሚል የለም። ርካሽ ቤት ቢፈለግ ደግሞ ከምድር በታች ያለ፣ እርጥብና ጨለማ ክፍል ይሆናል፤ በእንዲህ ያለ ቤት ሕፃናት ይሞታሉ። ከተገኘው ምግብም ሥጋውና ጥሩ ጥሩው ለአባት ይቀርባል፤ ይህም እናቲቱ ልጆቿን ስለማትወድ አይደለም። እርሱ ከታመመ ሁሉም ይቀራል።

ከሰልም የሚገዛው በጥቂት በጥቂት ነበር። ባለጸጋ በቶን አስጭኖ በርካሽ ያገባል፤ ድኻ ግን የሚያስቀምጥበት ሥፍራም፣ አንድ ጊዜ የሚከፍለውም ገንዘብ ስለሌለው ያንኑ ከሰል አስወድዶ ይገዛል። የእኛ አገር የቤት እመቤት ይህን ለማስረዳት መጽሐፍ አያስፈልጋትም። ከጕሊት በመደብ የምትገዛው ሽንኵርትና በሣህን የምትገዛው ከሰል በጆንያ ከሚገዛው ይልቅ ውድ መሆኑን እያወቀች ነው የምትገዛው።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። ደጋግ ወይዛዝርት ወደ ላምቤዝ እየመጡ፣ ዳቦ ከምትገዙ የአጃ ገንፎ ብትሠሩ ርካሽና ጠቃሚ ነው እያሉ ይመክሩ ነበር። እናቶቹ ደግሞ በትዕግሥት ያስረዳሉ። ገንፎ ብዙ ሰዓት ይንተከተካል፤ እሳቱ በሳንቲም የሚገዛ ጋዝ ነው። ድስቱ አንድ አሮጌ ብቻ ስለ ሆነ ያርራል፤ በዚያው ድስት ትናንት ዓሣ ተቀቅሎበታል። ወተትና ስኳርም የለም፤ ልጆቹም አንድ ጊዜ ቀምሰው ያስታውካቸዋል። ስለዚህ ርካሹ ገንፎ ውድ ይሆናል። እኛም የመንግሥት ሠራተኞች ለድኻ ምክር በምንጽፍበት ጊዜ፣ ድስቱን አይተነው እንደ ሆነ አላውቅም።

ስለ ቀብር ኢንሹራንስ ደግሞ ጥቂት ልናገር። ለአንድ ልጅ በሳምንት 1 ፔኒ፣ ለእናት 2፣ ለአባት 3 ፔኒ ይከፈል ነበር። ሕፃናት በሚሞቱበት ሠፈር ልጅን በክብር ለመቅበር ሌላ መንገድ አልነበረምና። ያላስመዘገበች እናት ወይ ትበደራለች፣ ወይ በመንግሥት ሣጥን ከድኾች ጋር ታስቀብራለች። ይህ ውርደት እንዴት ያለ እንደ ነበረ ለማወቅ የ1832ን ሕግ ማስታወስ ይበቃል፤ በድኾች የሥራ ቤት ሞቶ ዘመድ ያልጠየቀው ሰው አስከሬን ለሐኪም ትምህርት ቤት ተሰጥቶ እንዲቈራረጥ ይፈቅድ ነበር። እኛ ዕድር የምንለው ማኅበር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱም ትልቅ ነው። የላምቤዟ እናት ጥቂት ሳምንት መክፈል ቢያቅታት ያለፈው ክፍያዋ ለኩባንያው ቀርቶ ይጠፋባታል፤ ከከፈለችም የምታገኘው ገንዘብ ብቻ ነው። ከዕድር ግን ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይመጣል፣ ጐረቤትም አብሮ ይቀመጣል።

የቡዝና የራውንትሪ ቍጥሮች በመንግሥት ዘንድ ሳይሰሙ አልቀሩም። በ1908 የጡረታ ሕግ ወጣ። ከጥር 1 ቀን 1909 ጀምሮ 70 ዓመት የሞላውና የዓመት ገቢው ከ21 ፓውንድ የማይበልጥ ሰው፣ ወደ ድኾች የሥራ ቤት ሳይገባ፣ በየሳምንቱ 5 ሺሊንግ ከፖስታ ቤት መቀበል ጀመረ። ሕጉ እንከን አላጣም፤ መሥራት እየቻለ ሳይሠራ የኖረ ሰው ይከለከል ነበር፤ የቀድሞው የ1834 አሳብ ገና ከመዝገቡ አልወጣም ነበርና። ቢሆንም በመጀመሪያዎቹ ወራት ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ገንዘባቸውን ተቀበሉ። በ1911 የበሽታና የሥራ ማጣት መድን ተከተለ። በ1942 ዊልያም ቤቨሪጅ ባቀረበው ዝነኛ ጽሑፍ ላይ ስለ ዝቅተኛው የኑሮ ወጪ ምክር ከሰጡት ሰዎች አንዱ ያው ራውንትሪ ነበር።

ራውንትሪ ወደ ዮርክ ሁለት ጊዜ ተመለሰ፤ አንድ ጊዜ በ1936፣ ሁለተኛ ጊዜ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ሲል በ1950። በዚህ ጊዜ መለኪያውን ሰፋ አድርጎ ጋዜጣና ቴምብር ጨመረበት። በ1936 ከሠራተኛው ወገን 31.1 ከመቶው ከመለኪያው በታች ሲሆን፣ በ1950 ግን 2.77 ከመቶ ብቻ ሆነ። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት መዛግብቱን እንደገና መርምረው፣ ቅነሳው እርሱ እንዳለው ያህል ትልቅ አልነበረም ብለዋል። በዚያ በ1950 ቈጠራ በድኽነት ከተገኙት መካከል ከሁለት ሦስተኛ የሚበልጡት በአምስተኛው ወራት ላይ የነበሩ ሰዎች፣ ማለት ልጆቻቸው ከቤት የወጡላቸውና ጉልበታቸው የደከመባቸው አረጋውያን ነበሩ።