ያልተጻፈው መስመር

ሐሰተኛ መዝገብ ሲባል የተፋቀ ቁጥር ይታየናል። የባሰው ግን ጨርሶ ያልተጻፈው ነው። የጃፓኑ ቶክዮ ኤሌክትሪክ ኩባንያ በኑክሌር ማብላያዎቹ ውስጥ የታዩ ስንጥቆችን ከፍተሻ ሰነድ መሰወሩ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲታወቅ፣ በዓመቱ 17ቱም ማብላያዎች ቆሙ። በእኛ አገር የዚህ ዓይነቱ ዝምታ ዋጋ የታየው በቱሉ ፈራ ማሳ ላይ ነው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ እሑድ ከጠዋቱ 2:38 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ 157 ሰዎች አለቁ። አንድ መለኪያ የተሳሳተ ልክ ሰጥቶ፣ ኤምካስ የተባለው ሥርዓት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ምድር ደፍቶት ነበር። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች ያለቁት በዚሁ ነው፤ አብራሪዎች ስሙን የሰሙትም ከዚያ ወዲህ ነው።

ኤምካስ በዝቅተኛ ፍጥነትም እንዲሠራ መደረጉን የቦይንግ ሰዎች ከአሜሪካ አቪዬሽን ተቆጣጣሪዎች ሰውረዋል፤ በ2017 በወጣው የሥልጠና ሰነድ ውስጥ ስለ ሥርዓቱ አንድ ቃል አልሰፈረም፤ ከአብራሪዎች መመሪያም ቀረ። (እኔ በምሠራበት ባንክ የአንድ ብር ልዩነት ሳይገኝ ሒሳብ አይዘጋም!) ሆኖም አደጋው እንደ ደረሰ በባሕር ማዶ ጣታቸውን በአብራሪዎቻችን ላይ የቀሰሩ ነበሩ።

ኩባንያው በ2021 ማሳሳቱን አምኖ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍል ተስማማ። በግል የተከሰሰው አንድ የቀድሞ ሠራተኛ ብቻ ሲሆን፣ እርሱንም በ2022 የሕዝብ ዳኞች ነፃ አሉት። መስመሩን ማን እንዳስቀረው በስም የሚናገር ፍርድ የለም።