ቀራንዮና የዘመን አከፋፈል

በሥዕለ ስቅለት ግርጌ፣ ከመስቀሉ እግር ሥር፣ ሠዓሊው አንዲት የራስ ቅል ይሥላል፤ የመድኃኔዓለምም ደም በእርሷ ላይ ሲንጠባጠብ ይታያል። የአዳም ራስ ናት። ቀራንዮ በጽርእ ቋንቋ የራስ ቅል ማለት ነውና፣ አዲስ አበባ ሳትቆረቆር አስቀድሞ በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን እንደ ተተከለ የሚነገርለት የቀራንዮ መድኃኔዓለም ደብር፣ ዛሬ የታክሲ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ የሚጣራበትን የሰፈሩን ስም ያወረሰው ከኢየሩሳሌም ኮረብታ አምጥቶ ነው።

አባቶቻችን የዘመናትን ምሥጢር የሚፈቱት በዚህች ራስ ነው። አዳም ከገነት በወጣ ጊዜ አምላክ በአምስት ቀን ተኩል ከዘሩ ተወልዶ ሊያድነው ቃል ገባለት፤ አንዱም ቀን እንደ ሺህ ዓመት ስለሚቈጠር 5500 ዓመት ሆነ፤ ያ ዘመን ዓመተ ፍዳ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ዓመተ ምሕረት ተባለ። በሕግም ረገድ ዘመን ሁሉ ሕገ ልቡና፣ ሕገ ኦሪት፣ ሕገ ወንጌል ተብሎ ይከፈላል።

ስለዚህ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጆን ኔልሰን ዳርቢ ያስፋፋው፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1909 የታተመው የስኮፊልድ መጽሐፍ ቅዱስም ከየዋህነት እስከ መንግሥት በሰባት ዘመናት የደለደለው የዘመን አከፋፈል ትምህርት፣ በመከፋፈሉ ብቻ ለእኛ እንግዳ አይሆንም። እንግዳ የሚሆንብን እስራኤልንና ቤተ ክርስቲያንን ሁለት ሕዝብ፣ ሁለት ተስፋ አድርጎ መለየቱ ነው። በእኛ ዘንድ አንዱ ዘመን ሌላውን ይወልደዋል እንጂ አይሽረውም፤ በ1442 ዓ.ም. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ፊት በደብረ ምጥማቅ የተሰበሰቡት አባቶች ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋራ እንድትከበር የወሰኑት፣ ታቦትም እስከ ዛሬ በመንበሩ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የዘመን ፍርሃት ግን በእኛም ቤት ነበረ። ስምንተኛው ሺህ ክፉ ዘመን ነው እየተባለ ሲነገር ኖሮ፣ ዐፄ ናዖድ ያን ዘመን እንዳያዩ ይጸልዩ ነበር ይባላል፤ በ1500 ዓ.ም. ሰባተኛው ሺህ ሊፈጸም ጥቂት ሲቀረው ዐረፉ። ልጃቸው ልብነ ድንግልም በ1521 ዓ.ም. በሽንብራ ኩሬ ድል በሆኑ ጊዜ፣ የተፈራው ደረሰ ያለ ብዙ ሳይሆን አይቀርም፤ ዛሬም ልጅ አባቱን ሲያዋርድ ያየች እናት፣ ‹‹ስምንተኛው ሺህ!›› ብላ ታማትባለች።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ግን በየዓመቱ መባቻ ከዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረው ለአራት ይገድፋሉ፤ አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። የዚያ የተፈራው ሺህ መጀመሪያ 7001 ነው፤ ለአራት ሲገደፍም አንድ ይተርፋል፤ ዘመኑ ዘመነ ማቴዎስ ነበረ።