የአዳኝ አእዋፍ የቆዳና የአፍ ካንሰር

የአዳኝ አእዋፍ የቆዳና የአፍ ካንሰር በንስር፣ በጭልፊት፣ በጉጉትና ከእነርሱ ጋር በሚመደበው ጥንብ አንሳ ላይ የሚወጣ ክፉ ዕጢ ነው። ከሚመዘገቡት ዓይነቶች ዋነኛው ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ ሲሆን የሚነሳው የቆዳንና የአፍን የላይኛ ሽፋን ከሚሠሩ ሴሎች ነው። ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ከመዛመት ይልቅ ባለበት ሥር ሰዶ ሥጋንና አጥንትን ይበላል። በሲቲ ዞን፣ በቀድሞው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር ላይ በምትገኘው አፍደምና በዙሪያዋ ቆላ ጥንብ አንሳ ከአርብቶ አደሩ ኑሮ የማይነጠል ወፍ ነው፤ የሞተ ግመልና ፍየል ከሜዳ ያነሳል። እንዲህ ያለ ወፍ ፊቱ ወይም አፉ ላይ ዕባጭ ወጥቶበት ሲገኝ ካንሰር ነው ብሎ መፍረድ ስህተት ነው፤ ይህን በሽታ ዐይን ብቻውን አይለየውም።

ምክንያቱ ከወፍ አካል ጠባይ ይጀምራል። የወፍ መግል እንደ ከብት መግል አይፈስም፤ እንደ አይብ ረግቶ ይጠጥራል። ስለዚህ ተራ ቁስል ያመረቀዘበት ወፍ ዕጢ ያበቀለ ይመስላል። ትሪኮሞናስ የተባለው ጥገኛ ተህዋስ ርግብና ዋኖስ በሚበላ ጭልፊት ጉሮሮ ላይ ቢጫማ ንጣፍ ይጋግራል። ካንዲዳ የተባለው ፈንገስና የቫይታሚን ኤ እጥረትም በአፍ ውስጥ ነጫጭ ነገር ያወጣሉ። በትንኝ የሚተላለፈው የወፍ ፈንጣጣ ደግሞ ላባ በሌለበት ቆዳ፣ በዐይን ሽፋን፣ በመንቆር ሥርና በእግር ላይ ኪንታሮት መሳይ ዕባጭ ያበቅላል፤ ራሱ መላጣ የሆነው ጥንብ አንሳ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ካንሰሩ ብዙውን ጊዜ ሻካራ፣ ቶሎ የሚደማና አልሽር ያለ ቁስል ነው። ነገር ግን ፈንጣጣም ይደማል፤ ካንሰርም ላዩ በባክቴሪያ ሲመረዝ መግል ይቋጥራል። ወፉ አንቲባዮቲክ ተሰጥቶት ዕብጠቱ ጋብ ስላለ ከሥሩ ካንሰር የለም ማለት አይቻልም።

ላቦራቶሪ በሌለበት ቆላ እነዚህን በምርመራ መለየት ምኞት ነው የሚል ይኖራል። ግማሹ እውነት ነው። ለትሪኮሞናስ ከጉሮሮ በጥጥ የተጠረገው ናሙና ለብ ባለ የጨው ውኃ ርሶ፣ ሳይደርቅና ሳይቀዘቅዝ ማይክሮስኮፕ ሥር መግባት አለበት፤ ተህዋሱ የሚታወቀው ሲንቀሳቀስ ነው። ይህ እዚያው መሠራት ያለበት ቢሆንም አንድ ማይክሮስኮፕ ይበቃዋል። ካንሰርን የሚለየው የሥጋ ናሙና ግን ጊዜ ይሰጣል። የታመመውና ጤነኛው ሥጋ ከሚገናኙበት ጠርዝ ውፍረቱ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ቁራጭ ይወሰድና መጠኑን ዐሥር እጥፍ በሚሆን 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይነከራል። ከዚያ በኋላ በረዶ አያሻውም። ከአፍደም ተነሥቶ ቀናት ቢፈጅም ወደ ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ወይም ቢሾፍቱ ወዳለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሊላክ ይችላል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሴሎቹ የሽፋኑን ወሰን ጥሰው ወደ ውስጥ ከዘለቁ ካንሰር ነው፤ ሴሎቹ ውስጥ የፈንጣጣ ቫይረስ የሚተዋቸው ክብ ቅንጣቶች ከተገኙ ፈንጣጣ ነው። በመርፌ የሚቀዳ ናሙና ይረዳል እንጂ አይተካውም፤ በብግነት የተቆጡ ሴሎች የካንሰር ሴል መስለው ያሳስታሉ።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ቢታወቅስ ለዱር ወፍ ምን ይፈይዳል? በእርግጥ ካንሰሩ ገና ትንሽ ሳለ ተጠርጎ ካልወጣ ይመለሳል፤ መንቆሩን ያጣ ወፍም አድኖ አይኖርም። ትልቁ ጥቅም ግን ካንሰር ላልያዘው ወፍ ነው። የትሪኮሞናስ ሕመም በጊዜ ከተደረሰበት ሜትሮኒዳዞል በተባለው መድኃኒት ይድናል፤ ፈንጣጣ ብዙ ጊዜ በራሱ ይሽራል። የአውሮፓን ብርድ ሸሽቶ ወደ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ የሚመጣው የግብፅ ጥንብ አንሳ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች አንዱ ስለሆነ በግምት የሚገደል አንድም ወፍ ሊኖር አይገባም። ግምት እንደሚያሳስት ቀድሞም ታይቷል፦ በደቡብ እስያ ጥንብ አንሳዎች ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጅምላ ሲረግፉ መጀመሪያ የተጠረጠረው ተላላፊ በሽታ ነበር፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ምርመራ ግን በሬሳዎቹ ኩላሊት ውስጥ ለከብት የሚሰጠውን የሕመም ማስታገሻ ዳይክሎፌናክን አገኘ። ስለዚህ ዕባጩ ምንም ይሁን ምን፣ ሕመሙን ለማስታገስ ብሎ ዳይክሎፌናክ መስጠት ጥንብ አንሳውን መግደል ነው፤ ለዚህ ተፈትኖ ደህና የተባለው ሜሎክሲካም ነው።