አይስነር የዋጠው ቃል

አሜሪካዊው ሠዓሊ ዊል አይስነር ባንታም ለተባለው ትልቅ አሳታሚ ድርጅት ስልክ ደወለ። በእጁ ያለው በሥዕል የተተረከ ሥራ ነው። ኋላ ራሱ እንደተረከው፣ “ምንድን ነው?” ሲባል “ኮሚክ” የምትለዋ ቃል ምላሱ ላይ ደርሳ ዋጣትና “ግራፊክ ኖቭል” አለ። በሩ ተከፈተለት። ሥራው ሲታይ ግን “ይሄማ ኮሚክ ነው” ተባለና ወደ ትንሽ አሳታሚ እንዲሄድ ተመከረ። ሄደም። “ከእግዚአብሔር ጋር የተገባ ውል” በ1978 ታተመ (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ስያሜውን የፈጠረው እሱ አይደለም፤ ሪቻርድ ካይል የተባለ ጸሐፊ በ1964 ተጠቅሞበታል። ደግሞ መጽሐፉ ኖቭል እንኳ አይደለም! በብሮንክስ ሰፈር በአንድ የኪራይ ሕንፃ ዙሪያ የሚሽከረከሩ አራት ታሪኮች ናቸው።

ታዲያ ሰው ከወጣትነቱ ጀምሮ እንጀራ የበላበትን ሙያ ስም ለምን ይውጣል? ወደ 1954 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ወርተም ኮሚክ ልጆችን ለወንጀል ይዳርጋል የሚል መጽሐፍ አወጣ። የሴኔቱ ንዑስ ኮሚቴም አሳታሚዎችን ጠርቶ አፋጠጠ። አሳታሚዎቹ ደነገጡና የሳንሱር ደንብ በገዛ እጃቸው አወጡ። ከዚያ ወዲያ ኮሚክ ማለት በብዙ ወላጆች ዘንድ ከልጅ እጅ የሚነጠቅ ነገር ሆነ።

አዲሱ ስም ከዚህ ኀፍረት አወጣ፤ መጻሕፍት መደብርና ቤተ መጻሕፍት አስገባ። ይህ ውለታው አይካድም። ችግሩ ሌላ ነው፦ ሥራው ግሩም ሲሆን “ግራፊክ ኖቭል”፣ ተራ ሲሆን “ኮሚክ” መባሉ። እንዲህ ከሆነ ኮሚክ መቼም ጥሩ ሊሆን አይችልም፤ ጥሩ በሆነ ቁጥር ስሙ ይቀየራላ!

የአርት ስፒገልማን “ማውስ” የናዚ ካምፖችን መከራ በሥዕል ተርኮ በ1992 የፑሊትዘር ልዩ ሽልማት አገኘ። ይገባዋል። ነገር ግን በ1955 በርናርድ ክሪግስታይን የተባለ ሠዓሊ በ10 ሳንቲም በሚሸጥ ኮሚክ ውስጥ፣ በ8 ገጽ ብቻ፣ ያንኑ መከራ ሥሎት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በኒውዮርክ የምድር ባቡር ውስጥ የተሳፈረ የካምፕ አዛዥ ያለፈው ታሪኩ ሲደርስበት ያሳያል። ስፒገልማን ራሱ አድንቆ ጽፎለታል። በዚያን ጊዜ ግን ያ ሥራ “ግራፊክ ኖቭል” የሚባልበት ስም አልነበረም፤ ሽልማትም አልመጣለትም። ክሪግስታይን ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ኮሚክን ተወ፤ በኋላም በኒውዮርክ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥዕል መምህር ሆነ።